ደባርቅ ላይ የቀረው ትዕይንት

ገበያነሽ ሀብተ ሚካኤል ከደባርቅ አዳራሽ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ፀጉሯን በዱቄት እያሸበተች ሳለ አንዲት ሴት በጓሮ በር ገባች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ነጠላዋን አደግድጋ የታጠቀች፣ ጫማዋ ጭቃ የያዘ ሴት ነበረች።

"እንደምን ዋሉ?" ብላ እጅ ነሳችና ቀና ብላ አየቻት። "ውይ! ልጅ ነሽ ለካ!"

"ሽበቱ ዱቄት ነው እማማ" አለች ገበያነሽ እየሳቀች። "ትያትሩ ሊጀመር ነው፤ በፊት በኩል ይግቡ።"

"ትያትሩንስ አይቼዋለሁ። ጎንደር፣ እህቴ ቤት፣ በቴሌቪዥን። አንቺን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

ትያትሩ የታወቀ ነበር። ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ የተደበቀ ልጇን አንዲት እናት እጁን ይዛ ለቀበሌ ታስረክበዋለች፤ መጨረሻ ላይ ልጁ ሜዳሊያ አጥልቆ ይመለሳል። ገበያነሽ ዳባት ተወልዳ፣ ገና ተማሪ ሳለች የአውራጃው ኪነት ቡድን ገብታ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያም አዲስ አበባ መድረክ ላይ ዓመታት ያሳለፈችው የቤት ሠራተኛና የጎረቤት ሚና ስትጫወት ነው። ይህቺ እናት ግን በ1976 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት አሰኘቻት። ሸላሚዎቹ ከሁሉ አብልጠው ያሞገሱት የተመለሰ ልጇን የምታቅፍበትን ትዕይንት ነበር። ትዕይንቱ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ልምምድ ላይ "ሕዝቡ እያለቀሰ አይውጣ፤ ልጁ ይመለስ" ብላ ያስጨመረችው እሷው ናት።

"አረጋሽ እባላለሁ" አለች ሴትዮዋ። "የኔም ልጅ ደረስጌ አጎቱ ዘንድ ተደብቆ ነበር። ድረስ ይባላል። ትያትሩን እንዳየሁ ሄድኩና እንዳንቺው እጁን ይዤ አምጥቼ ለቀበሌ አስረከብኩት። እምቢ አላለኝም። መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ ነው የተከተለኝ።"

ገበያነሽ የዱቄቱን ቆርቆሮ አስቀመጠች።

"ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ፤ ወሬው የለም። ያንቺው ግን ተመለሰ። ማንን ብትጠይቂ ነው?"

"እማማ፣ ትያትር ነው እኮ። እኔ ልጅም የለኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ቂል አይደለሁም። የጻፉት ሰዎች አንድ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ እንጂ። መቼም ከመሬት ተነስተው ልጁ ተመለሰ አይሉም።"

በዚህ መሃል የቡድኑ መሪ ገሠሠ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። "አዳራሹ ሞልቷል። የአውራጃው ጓዶች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል" አለ። አረጋሽ ሰው መምጣቱን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ በመጣችበት በር ወጣች።

"ገሠሠ፣ የመመለሻውን ትዕይንት ዛሬ እንተወው።"

"የተሸለምሽበትን?"

"እኔ ነኝ ያስጨመርኩት።"

"ፈቃድ ያገኘ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል አይነካም። በይ ተነሽ።"

ተነሳች። እንደ ሁልጊዜውም ተጫወተች። ልጇን ለቀበሌው ሊቀመንበር ስታስረክብ ፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ፤ ከኋላ የቆሙት ሴቶች ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። በመጨረሻ ሜዳሊያ ያጠለቀው ተዋናይ ገብቶ "እማዬ፣ መጣሁ!" አለ። ገበያነሽ ብድግ ብላ ሮጣ ልታቅፈው ይገባ ነበር። ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ተዋናዩ ያልሰማችው መስሎት ደገመላት። እሷ ልጁ ሲወሰድ በወጣበት በኩል እያየች ቀረች። መጋረጃው ሲወርድ ያጨበጨበ አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማ፣ ቀጥሎም ሌላ።

"ምን ነካሽ?" አለ ገሠሠ። "ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው። ምን ልበላቸው?"

"አመማት በላቸው።"

በማግስቱ ጠዋት የቡድኑ መኪና ወደ ጎንደር ሲነሳ ገበያነሽ አረጋሽን ፈልጋ አግኝታ ከጎኗ አስቀምጣት ነበር። ገሠሠ አየና ከሾፌሩ ጎን ገብቶ ተቀመጠ። ጎንደር ሲደርሱ ገበያነሽ ሾፌሩን ለምና ጦር ሰፈሩ በር ላይ አስቆመችው። በር ጠባቂው ወታደር ገና ሲያያት ፊቱ በራ።

"እናትየዋ! የቴሌቪዥኗ እናት!"

"እናትየዋ እሷ ናት" አለች ገበያነሽ፤ አረጋሽንም አስቀድማ ገባች።

ውስጥ አንድ መቶ አለቃ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ሻይ አዘዘላቸው። የድረስን ስም ከተቀበለ በኋላ ንግግሩን ለገበያነሽ አደረገ። "ክፍለ ጦሩን በሬዲዮ መጠየቅ አለብኝ፤ ቀናት ይፈጃል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ከበር ነበር የምንመልሳቸው። ስንቱን እናት እናስተናግዳለን?"

ሲወጡ የመኪናው ሞተር እንደተነሳ ነበር። ገሠሠ ወርዶ ጠበቃት።

"ሰኞ የአዲሱ ድራማ ልምምድ ይጀመራል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የትናንቱ ገና አዲስ አበባ ሳይሰማ ብትደርሺ ይሻልሻል። ከቀረሽ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል፤ እኔም አላድንሽም።"

"ሂጂ ልጄ" አለች አረጋሽ። "እኔ እዚሁ በሩ ላይ እጠብቃለሁ።"

ገበያነሽ በሩን አየችው። ሌሎች ሁለት ሴቶች አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወታደሩ ወደነሱ አይመለከትም።

"ብቻዎን አያስገቡዎትም" አለቻት፤ ከዚያም ወደ ሾፌሩ ዞረች። "ሻንጣዬን አውርድልኝ።"