ስምንት ዓመት የሞላው ጠቦት

ሞላሌ፣ የበግ አርቢዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ በግ መዝጋቢ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰባት ፎርም አለ፤ ልደት፣ ክብደት፣ ክትባት እያለ ይሄዳል። የሠራው ሰውዬ ለሰባቱም የየራሳቸውን የቀን መጻፊያ ሳጥን ሰጥቶ ነው ጥሎን የሄደው። ግማሹ የኛን አቆጣጠር ይቀበላል፣ ግማሹ የፈረንጅ። የቱ የቱ እንደሆነ እኔ ራሴ ይምታታብኛል።

ሐምሌ ላይ የአውራ በግ ምርጫ ተደረገ። የተመረጠው ለዘር ይቀራል፣ የወደቀው ይኮላሻል። ዝርዝሩ በተለጠፈ ማግስት እማማ አስካለ ማርያም ጠቦታቸውን እየጎተቱ ቢሮ ገቡ።

«በጌ ምን አድርጎ ነው የወደቀው?»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። «አርጅቷል ይላል እማማ። ስምንት ዓመቱ።»

«ስምንት ምን?» የጠቦቱን አፍ ፈልቅቀው አፍንጫዬ ስር ደቀኑት። «እየው እስቲ! አንድ የወተት ጥርስ እንኳ አልነቀለም። ለኅዳር ሚካኤል እኮ ነው የተወለደው፣ ስምንት ወሩ!»

ያኔ ገባኝ። በኛ አቆጣጠር 2017 ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የልደት ፎርሙ ደግሞ የፈረንጅ 2017 ነው ብሎ ዋጠው።

አለቃዬ አቶ በዕውቀቱ ብቅ አሉ። «የሳቸውን አስተካክልና ሸኛቸው።»

«የሌሎቹስ?»

«ለመጣ ይስተካከልለታል።»

«ያልመጣውስ ይኮላሽ?»

«አንዷለም፣ ፎርሙን እንዳትነካ! ውልህ የሚታደሰው መስከረም ላይ መሆኑን አትርሳ።»

ነካሁት። ቁጭ ብዬ አንዲት የቀን ሳጥን ሠራሁ፤ ወሩ በስሙ የሚመረጥ፣ በኛ አቆጣጠር ብቻ። የድሮዎቹን ሰባቱንም አውጥቼ ያቺኑ በሁሉም ፎርም ላይ አስገባኋት። ከዚያ የልደት ቀኖቹን ከወረቀት መዝገቡ እያየሁ አንድ በአንድ አስተካከልኩ። የእማማን ጨምሮ አሥራ አንድ «ሽማግሌ» በግ ጠቦት ሆኖ ቁጭ! አዲስ ዝርዝር አተምኩ።

አቶ በዕውቀቱ ሲያዩ ጦፉ። «ያቺ አንዷ ብትበላሽ ሰባቱም ይበላሻሉ እኮ!»

«አንዷን ሳቃና ሰባቱም ይቃናሉ። እስካሁን ሰባት ቦታ ነበር የምንሳሳተው።»

«ወደ ነበረበት መልስ!»

«አልመልስም።»

«እኔም አልነሳም» አሉ ጠቦታቸውን ይዘው ሲጠብቁ የቆዩት እማማ፤ በሩ ላይ ዘፍ ብለው ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። «የሚያኮላሽ ካለ በኔ ላይ ይለፍ።»

የሚያኮላሸው ባለሙያ ጉጠቱን ይዞ ውጭ ቆሟል። አቶ በዕውቀቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እማማን አዩ። ጎንበስ ብለው የጠቦቱን ጥርስ ራሳቸው ፈተሹ። ከዚያ አዲሱን ዝርዝር ፈረሙ።

መስከረም ላይ ውሌን አላደሱልኝም። ይሁና! አሥራ አንዱም ጠቦት አልተነካም፤ የእማማ ጠቦትማ የመንደሩን በግ ሁሉ እያስረገዘ ነው አሉ። ሳጥኗን ማውጣት የፈለገ ደግሞ ይምጣና እዚያ በር ላይ ከእማማ ጋር ይነጋገር።