የቧንቧ ዓሣ ቁርስ

ስትሮክ ምላሳቸውንና ቀኝ እጃቸውን ከነጠቃቸው ወዲህ ሰዓት ሠሪው ሲያዩ የሚውሉት አልጋቸው ግርጌ ያለችውን ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ ነው። ገንዳዋ ውስጥ ሁለት ቧንቧ ዓሦች ነበሩ፤ እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ፣ አፋቸው ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማይሰፋ።

ሴት ልጃቸው መድኃኒት ቤት ሥራዋ ከመግባቷ በፊት ለዓሦቹ በዓይን እምብዛም የማይታይ ሽሪምፕ፣ ለአባቷ ሾርባ ትሰጣለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። አባቷ ደህና ሳሉ «ጥይቷ» ይሏት ነበር፤ እሷም «እርስዎ የሠሩት ሰዓት ሁሉ እንደ እርስዎ ወደ ኋላ ይቀራል» ትላቸው ነበር።

አንድ ቀን ወንድሟ ቢጫ ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ መጣ።

«ቤቱ ሬሳ ቤት መሰለ እኮ! ይኼ ትንሽ ያነቃቃቸዋል።»

ገንዳዋ ውስጥ የጨመረው ቢጫ በርግጥም ነቃ ያለ ነበር። ቧንቧ ዓሦቹ ግን ከቀን ወደ ቀን መነመኑ። አባቷም አብረው። ሐኪሙ «ምግብ እምቢ ካሉ በአፍንጫቸው ቱቦ ይገባላቸዋል» አለ።

«እምቢ ብለዋል» አለች ልጅቷ። ማንኪያውን ታቀርባለች፣ አፋቸው ዝግ ነው፣ ታነሳለች። ከዚህ የባሰ እምቢታ ከየት ይምጣ?

ነርሷ ቱቦውን ልታስገባ በምትመጣበት ጠዋት አንዱ ቧንቧ ዓሣ ሞቶ ተገኘ። ልጅቷ ዓሣ ሻጩ ጋ ደወለች።

«የሸጥክልን ዓሣ ምግብ እምቢ ብሎ ሞተ!»

«ሌላ ዓይነት ዓሣ አብሮት ነበር?»

«አንድ ቢጫ አለ።»

«ታዲያ ምኑን እምቢ አለ ትያለሽ፣ እህቴ! ቧንቧ ዓሣ ሽሚያ አያውቅም። መጀመሪያ ምግቡን ትክ ብሎ ያያል፣ ይጠጋዋል፣ አሁንም ያያል፣ ከዚያ ነው ሳብ የሚያደርገው። እሱ እያየ ያኛው ሙልጭ አድርጎበታል። በረሃብ ነው የገደላችሁት።»

ስልኩን ዘጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማንኪያውን አባቷ ከንፈር ላይ አስጠግታ ያዘች። እሳቸው ማንኪያውን አዩት። አሁንም አዩት። እጇ ዛለ፤ ጥርሷን ነከሰች። አፋቸው ተከፈተ።

ሁለተኛውን ማንኪያ እየዋጡ ሳለ ነርሷ ገባች።

«እየበሉ ነው፤ ትንሽ ጠብቂኝ» አለቻት ልጅቷ።

ነርሷ ሳህኑን አየችው፤ ሾርባው እንዳለ ነው። «ይኼም መብላት ተባለ? ሌሎች በሽተኞች ይጠብቁኛል፣ የኔ እናት። ደግሞስ እምቢ አሉ ያልሽው ራስሽ አይደለሽ?»

ልጅቷ ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። አርፍዳለች። ማንኪያውን ከአባቷ ከንፈር አነሳችና ቦታውን ለቀቀች።

ነርሷ ቱቦውን ቅባት ስትቀባ፣ ሰዓት ሠሪው ለሦስተኛው ማንኪያ አፋቸውን ከፈቱ።