የጎደለው ጎተራ

«ስኳርን አንበረከክሁት!» አለ ሾፌሩ፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች ሻይ በሚጠጡባት ጠባብ ክፍል በር ላይ ቆሞ። ገና ሳይቀመጥ የስኳር መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ ከብርጭቆዎቹ መካከል አኖረው። ለዓመታት ከሁለት መቶ አልወርድም ብሎ ሲያስቸግረው የኖረው ቁጥር፣ ካለፈው ወር ወዲህ በገዛ ፈቃዱ ዝቅ ዝቅ ሲል ሰንብቶ ያን ዕለት ሰባ ላይ አርፏል።

«ጋሽ ቀጥታ፣ መድኃኒቱን ለኛም ይንገሩን እንጂ!» አለ መካኒኩ። «ቀጥታ» የሚለው ቅጽል ስም ለሾፌሩ የወጣለት፣ ሲነዳ ጀርባውን ከወንበሩ መደገፊያ ስለማያስነካ ነው።

«መድኃኒቱ ቁርጥ ሐሳብ ነው።»

«እንግዲያው አንተ አትድንም፤ ካልሲ ለመቀየር እንኳ ሳምንት ትመክራለህ» አለች ትኬት ቆራጯ ወደ መካኒኩ ዞራ፤ ክፍሏ በሣቅ ተናወጠች።

ሾፌሩም እየሣቀ ተቀመጠ። ነገር ግን ጉልበቱ በጠረጴዛው ሥር ይርገበገብ ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታም ርሷል። ተነሣ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ይህን ሁሉ ደስታ ነው ብሎ ለራሱ ተረጎመው። ኩላሊትህ ደክሟል ከተባለ ጀምሮ የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበርና፤ ጡረታው ሳይደርስ በሐኪም ቃል ከመሪው መነሣት። የወረደው ቁጥር ወንበሩን የሚያጸናለት ምስክር መሰለው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ከመነጽሯ በላይ አሻግራ ስታየው ከርማለች። መቀሷን አንሥቶ ሌላ ቦታ ያኖራል፤ ክሮቿን ማንም ሳይጠይቀው በቀለም ይደረድራል፤ ወዲያው ደግሞ በማይረባ ነገር ይቆጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ያላደረግከው ምን አለ! ላብህንስ አየኸው? ስኳሬ ወረደ እያልክ አንተው አልቀህ ልትወርድ ነው።»

«ሟርተኛ!»

«ሟርት ከሆነ ነገ ሐኪሟ ታፍርሰዋለቻ። ቀጠሮህን የረሳሁ መስሎሃል?»

የኩላሊት ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ማሳመን የምትችል ወጣት ሴት ነበረች። ባለፈው ቀጠሮ ያዘዘችው የጉበት አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ውጤት ከፊቷ ተዘርግቷል።

«አባቴ፣ ጉበትዎ ስብ ይዟል። ጠባሳም ጀምሮታል።»

ሾፌሩ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ጉበት? እሱ የጠጪ በሽታ ነው! እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«እውነቱን ነው፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ። «በሠርጋችን ዕለት እንኳ ውሃ ነበር የጠጣው። ዘመዶቼ "ለበሽተኛ ነው እንዴ የዳርናት?" ብለው ሲያሙኝ ነበር።»

ሐኪሟ ፈገግታዋን መግታት አልቻለችም። «ስኳር ያለበት ሰው ሳይጠጣም ጉበቱ ይሰባል፤ የኩላሊት ድካም ሲጨመር ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ይስሙኝ አባቴ፤ ጉበት ጎተራ ነው። ሰው ሳይበላ ሲውል ስኳር ከዚያ እየተሰፈረ ይወጣለታል። የእርስዎ ጎተራ ጎድሏል። የሚወጉትን ኢንሱሊን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ደግሞ ኩላሊት ነበር። እሱ ሲደክም መድኃኒቱ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ።»

«ታዲያ ስኳሬ የወረደው...»

«ድነው አይደለም። መድኃኒቱ በዝቶብዎት ነው።»

ሾፌሩ የሻይ ክፍሏ ሣቅ ትዝ አለውና ጆሮው ጋለ። ሐኪሟ የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰችለት፤ ጾሙን እንዳይውል፣ ከረሜላም ከኪሱ እንዳይለይ አዘዘችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ገጥሞዎት ያውቃል?»

«በፍጹም።»

ሚስቱ ዞራ አየችው፤ እሱ ግድግዳውን አየ።

«ለማንኛውም ተስተካክሎ እስካየው ድረስ መሪ አይያዙ። ለአለቃዎ ደብዳቤ ልጻፍልዎት?»

«ምን በወጣኝ በደብዳቤ! አፍ አለኝ። እኔው እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ የተቀነሰውን መጠን ተወጋ። ሚስቱ ቁርስ እስክታቀርብ ግን መታገሥ አቅቶት ሳይበላ ወጣ፤ ከረሜላውም በሌላው ኮቱ ኪስ ቀረ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። የስምሪት ኃላፊው ግን እንደ ወትሮው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ቁልፉን ዘረጋለት፤ እጁም ከልቡ ቀድሞ ተቀበለ። አንድ ዙር ብቻ፣ አለ በሆዱ፤ ከዚያ በኋላ እነግረዋለሁ።

ቀጥ አድርጋ የምታስቀምጠውን ትንሽ ትራስ ከጀርባው አደረገ፤ ወንበሩን እንደ ልማዱ ወደ ፊት ሳበ። በወንበሩ ማንም ዘና ብሎ ሲቀመጥበት ይጠላ ነበር። በተለይ ተተኪው ሾፌር፣ ቀውላላው የሚሉት ረዥም ሰው፣ በነዳ ቁጥር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶት ስለሚሄድ፣ ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት እየረገመ ይመልሰው ነበር።

መሀል መንገድ ላይ ያ የሰሞኑ ጥድፊያ መጣ። ጣቶቹ መሪውን ይደበድባሉ። ከፊቱ ያለችው መኪና፣ የእግረኛው ዝግታ፣ የመብራቱ መቅላት፣ ሁሉም እሱን ለማናደድ የተማከሩ መሰለው።

«ወራጅ አለ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ፌርማታው አለፈ።

«ወራጅ አለ እኮ! ሾፌር!»

ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ያህል ራቀበት። ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ መስመሩ ይህ ነው፣ ሁልጊዜም ይህ ነው።

«ጋሼ!» ትኬት ቆራጯ እየተደገፈች ወደ ፊት መጣች። «ወዴት ነው? ይሄ የድሮው መስመር ነው! አውቶቡስ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ!»

ቀና ሲል መንገዱ በተማሪዎች ቦርሳ ተሞልቶ አየ። ፍሬኑን ረገጠ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተላተመ፤ አውቶቡሱ ግን ከመጀመሪያዋ ቦርሳ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ቦርሳዋን ያዘለችው ልጅ ወደ መስታወቱ አንጋጣ አየችውና፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አለፈች።

ትኬት ቆራጯ መልኩን እንዳየች ስኳሩ መሆኑ ገባት፤ ጥያቄ አላበዛችም። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ልጣ አጎረሰችው፤ ሌላም ደገመችው።

«ሥራ አለን እኮ!» ጮኸ አንዱ። «መኪናው ምን ሆነ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሁለተኛው ከረሜላ እስኪሟሟ ጠብቆ ተነሣ፤ ላቡን ጠረገ፤ ኮሌታውን አስተካከለና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«መኪናው ደህና ነው» አለ። «የታመመው ሾፌሩ ነው። ትናንት ሐኪም አትንዳ ብላኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የሚሳደብ ይጠፋል አይባልም፤ ተሰደበም። ቆሞ አዳመጠው። ከዚያም ስልኩን አንሥቶ ለስምሪት ኃላፊው፣ ጠዋት ሊነግረው ይገባ የነበረውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳያስቀር ነገረው።

ቀውላላው በድርጅቱ መኪና ደረሰ። ሾፌሩ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ትራሱን አነሣ፤ የወንበሩን ማንሻ ስቦ ወደ ኋላ ገፋው፤ በቃ እስኪለው ድረስ ገፋው። ስፖኪዮውንም ለረዥም ሰው በሚሆን ልክ አዞረለት።

«ጋሽ ቀጥታ፣ እኔ አስተካክለው የለም እንዴ?» አለ ቀውላላው ግራ ተጋብቶ።

«ስታበላሸው ከማይ ብዬ ነው።»

ሾፌሩ ከቀውላላው ኋላ ባለው ወንበር፣ ትራሱን አቅፎ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወጣና መስመሩን ያዘ። በየመታጠፊያው፣ በየመብራቱ የሾፌሩ ቀኝ እግር፣ ፍሬን ያለ ይመስል፣ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያሳርፉ እንጂ» አለች ትኬት ቆራጯ ወደ ጆሮው ዝቅ ብላ። «እሱ ይይዝልዎታል።»

«ይይዛል» አለ ሾፌሩ፣ ወለሉን እንደገና እየረገጠ። «አዘግይቶ ነው እንጂ።»