ሁለት የግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊው ጉድ ሠራ! ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ጨብጦ የኖረ ሰው ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠ። የእጅጌው ልክ የተቀረጸበት ካርቶን አንዴ ከተቆረጠበት በኋላ ተገልብጦ ነው የሚደገመው፤ ይህን ትናንት የገባ ለማጅ እንኳ ያውቀዋል። እሱ ግን ሳይገለብጥ ደገመው። ጨርቁም አለቀ።

«ወይ ጉዴ!» ብሎ ኪሱን ደባበሰ። ሲጋራ ፍለጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል። «ጭንቅላቴ የተዘጋው ከጠዋት ጀምሮ ስላላጨስኩ ነው።»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ባለፈው ሳምንት ኮሌታውን ገልብጠህ ስትሰፋስ? ያኔ እንደ እርጥብ እንጨት ትጨስ አልነበር?»

ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፣ መልሶ ያወልቃል። ኧረ ተረጋጋ ሰውዬ! ግን እንዴት ይረጋጋ? ኤች አይ ቪ በደሙ ከተገኘ ወዲህ መድኃኒቱን አንድም ቀን አላሳለፈም። «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም» ሲሉት ጊዜማ «ለቆኝ ሄደ» ብሎ ለደስታው ሁለት ፓኮ ሲጋራ ገዝቷል። አሁን የሚያስፈራው መርሳቱ ነው። የልብሱ ልክ ከጭንቅላቱ ከጠፋ፣ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው?

ከሰዓት ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረው። ለነርሷ ሁሉን ዘረገፈላት።

«አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። «መድኃኒቱ አፍኖ ያዘው እንጂ አላጠፋውም፤ ጭንቅላት ውስጥም ሊደበቅ ይችላል። ሲጋራው ደግሞ የአንጎልዎን የደም ሥር ይጎዳል። በቁስል ላይ ጨው ነው።»

«ጭሱን ትቼ ኒኮቲኑን ብቻ በማስቲካ ብወስድስ?»

«ለማቆም ይረዳዎታል፣ አብረን እናየዋለን። ኒኮቲኑ ብቻውን እንደርስዎ ባለ ሰው ጭንቅላት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ገና እየተጠና ነው።»

«ሳጨስ እኮ ይከፈትልኛል፣ ልጄ!»

«ሱሱ ራሱ ቆልፎብዎት ራሱ ይከፍትልዎታል! መርሳትዎን ለብቻው እንመረምረዋለን፤ ሰበቡ ብዙ ሊሆን ይችላል።»

ሲመለስ እግሩ ወደ ኪዮስኩ ወሰደው። ባለኪዮስኩም ገና ሳይጠየቅ ሲጋራውን አቀበለው። እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ ደግሞ ዘረጋ። «ይቅርብኝ» አለና ሰው ያባረረው ይመስል ፈጠነ።

ሚስቱ ከጨርቅ ነጋዴው ቁራጭ ለምና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ከዚህ በላይ ጨርቅ የለም። «እኔ ልቁረጠው?» አለችው።

«እኔ እያለሁ?» ብሎ መቀሱን አነሳ። ካርቶኑን አስቀመጠ፣ ገለበጠ፣ እንደገና ገለበጠ።

«ፈራሁ» አለ። ይህን ቃል በትዳራቸው ሙሉ ከአፉ ሰምታው አታውቅም። «ጭንቅላቴ ጥሎኝ ቢሄድስ?»

«የት አባቱ ይሄዳል! ቢሄድም እኔ እዚሁ ነኝ፤ አንተን ትቼ ማን ሊያናድደኝ ነው ታዲያ?»

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ካርቶኑን በጣቱ ነካ። «ይሄ ቀኝ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ልታሾፍበት ትችል ነበር፤ አላሾፈችም። ተነስታ አጠገቡ ቆመች።

«ቀኝ ነው» አለችው። «ቁረጥ።»