ሰባ ጠብታ

የካርቱሙ የዴም ሰፈር ሰው ሸዋዓለምን «የዓሣዋ እብድ» ይላታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋለች። ድሮ ጎንደር ባዮሎጂ ያስተማረች፣ በፖለቲካ ተሰዳ ካርቱም የገባች፣ ሱዳናዊ ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ጋር የቀረች ሴት፣ የኪራይ ቤቷን ሳሎን ግማሽ ለጨው ውኃ ገንዳ ስትሰጥ ሰው ምን ይበላት?

ከዓሣ ሁሉ የምትሞትለት አንቲያስ የሚሉትን ነው። ከቀይ ባሕር የሚወጣ፣ ብርቱካን መልክ ያለው፣ ያለ መንጋ የማይኖር፣ በቀን አራት አምስቴ ካልቀመሰ የሚከሳ ቅምጥል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ አስመጥታ፣ ቸኩላ ቀጥታ ገንዳው ውስጥ ለቀቀቻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ነገሩ፣ በሽታ ይዘው ኖሮ ቀድመው የነበሩትንም ጨርሰው አለቁ። ከዚያ ወዲህ ለይቶ ማቆያ ያልገባ ዓሣ ገንዳዬን አያያትም ብላ ማለች። ሰው ያላገኘውን ለይቶ ማቆያ ለዓሣ ሠራች ብለው ሳቁባት። ይሳቁ።

ዘንድሮ የፖርት ሱዳኑ ዓሣ አጥማጅ አብዱልወሃብ አሥራ አንድ በቪዲዮ አሳያት። «ምግብ ስጣቸውና እንደገና ቅረጽ» አለችው። የማይበሉትን ሁለቱን ጣለች። ሆዱ የጎደጎደውን ጣለች፤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውንም። ሁለት ወንድ አንድ ቤት አይኖርምና ትልቁን ወንድ ተወችው። አንድ ወንድና አምስት ሴት ቀሩላት። የምሥራቁ መንገድ በተቃውሞ ተዘግቶ ስለነበር፣ ዓሣዎቹ በአንድ መንገደኛ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆነው በአውሮፕላን መጡ። «ከእንግዲህ ሌላ አላጠምድም፤ ወደ ባሕር መውጣት ትቻለሁ» አላት አብዱልወሃብ።

ስድስቱን መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ አሸዋም ድንጋይም በሌለው ባዶ የመስተዋት ገንዳ አስቀመጠቻቸው፤ መደበቂያ ብላ ሁለት ቁራጭ ቱቦ ጣለችላቸው። ሠላሳ ቀን ሊቆዩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገላቸው ላይ ወርቃማ አቧራ የመሰለ ነገር ታየ፤ ያው በሽታ። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ጠብታ ነው። ካነሰ አያድንም፤ ከበዛ ይገድላል። በየጠዋቱ ሰባት ጠብታ፣ እየለካች፣ ትንፋሿን ይዛ ትጨምር ጀመር። ዓሣዎቹም እየቀለላቸው ሄደ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ረዋን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ የሚንገዳገድ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ገብታ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸውን አቶ ባዬን «እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻቸው። ሸዋዓለም በሐፍረት ተኮማተረች፤ ቆይታ ግን እሷው ራሷ ለዴም ሁሉ እያወራች አሳቀችበት። ከዚያ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ዐረብኛ የለም» ብላ ደነገገች። ረዋንም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

እሑድ ማታ ሸዋዓለም ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን፣ ይመኙሻል የምትባል አራስ ወዳጇን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው አደረች። ሰኞ ሲነጋ ከተማው ሌላ ነበር። ወታደሩ ሥልጣን ይዟል፣ ኢንተርኔት ጠፍቷል፣ ድልድዩ ተዘግቷል። ስልኩ በስንት ሙከራ ሦስት ሰዓት ላይ ገባላት።

«ረዋን፣ መስመሩ ሳይሄድ ስሚኝ። ከትንሿ ጠርሙስ ሰብዓ ጠብታ፣ አንድ በአንድ፣ በይ ያላ።»

«እሺ ዩማ። ሰባ ጠብታ፣ አንድ በአንድ» አለች ልጅቷ፣ እናቴ ከምትልባት ከዩማ በቀር ጥርት ባለ አማርኛ። መስመሩ ተቆረጠ።

ጠብታ የምትለውን ቃል ማወቋ ሸዋዓለምን ደስ አሰኛት። ሻይዋን አነሳች።

«ስንት ጨምሪ አልሻት?» አለች ይመኙሻል እንዲያው ለጨዋታ።

«ሰባት» አለችና ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። ሰባት አላለችም። ሰብዓ ነው ያለችው፤ በዐረብኛ ሰባት ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረ አፍ ሲቸኩል የለመደውን ይናገራል። አማርኛ ብቻ የተባለችው ልጅ ደግሞ የሰማችው ሰባን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ደወለች። ደግማ ደወለች። ስልኩ ዝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ይመኙሻል «አብደሻል እንዴ፣ እየተኮሱ ነው» ስትላት ዞር ብላም አላየቻት። የሕዝብ አውቶብሱ ሐፍላ የለም፣ ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ የለም። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይና በሚነድ ጎማ ዘግተውታል። ጭሱ ጉሮሮዋን ያዛት። አንድ በአንድ ነው ያልኳት፣ ቀስ ብላ ትቆጥራለች፣ እያለች ራሷን ታታልላለች። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ወታደር ክላሹን አግድሞ አቆማት።

«ወዴት ነው?»

«ልጄ ታማብኛለች፣ ብቻዋን ናት፤ አላህ ይስጥህ» አለችው።

አየት አደረጋትና በእግሯ እንድታልፍ በአገጩ አሳያት። ሰው በሚሞትበት ቀን ለዓሣ ብላ በልጇ መዋሸቷ ወዲያው ጎመዘዛት፤ እግሯ ግን አልቆመም። ከማዶ የተኩስ ድምፅ ሲመጣ ግንብ ጥግ ተለጠፈች፣ ሲያባራ እንደገና ሮጠች። ዴም ስትደርስ ቀትር አልፏል።

ረዋን መኝታ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ረጥቧል። በዙሪያዋ ባልዲ ተደርድሯል፤ ከትልቁ ገንዳ እየቀዳች ውኃውን ልትለውጥ ሞክራለች። ስድስቱም አንቲያስ መስተዋቱ ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል።

«ቆጠርኩ ዩማ። ሰባ። አንድም አልተሳሳትኩም» አለች።

በስልክ የተባባሉትን ከሁለቱ በቀር ማንም አልሰማም። ሸዋዓለም ሰባት ነው ያልኩሽ ብትል ማን ይመሰክርባታል? ነገሩ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ሰብዓ ነው ያልኩሽ፣ በዐረብኛ። ዐረብኛ የከለከልኩሽ እኔ፣ የተናገርኩትም እኔ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺ በምን ታውቂያለሽ።»

ረዋን ራሷን ነቀነቀች። «ብዙ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ትንሽ ነው የምትጨምሪው፣ አይቻለሁ። ስልኩ ሳይቆረጥ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?»

ልጅቷ የረጠበ እጅጌዋን አጠፈች። «ቁጥርም አታውቅም ብለሽ ለሰው ታወሪያለሽ ብዬ» አለች።

ሸዋዓለም ከባልዲዎቹ መሀል ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ውጭ አሁንም ይተኮሳል። ያን ሁሉ መንገድ ስትሮጥ ስለዚህች ልጅ አንዴም አልፈራችም፤ አሁን ነው የታወቃት። እጇን ያዘቻትና፣ በዐረብኛ፣ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለቻት።

ረዋን ይህን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች።