የግመል ሻኛ ያላት ጊደር

ሰውመሆን ራሱን «ዲዛይነር» ብሎ የሾመ ሰው ነው። ሹመቱን ያጸደቀለት የለም፤ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ሰቀለው፣ አለቀ። እንጀራው የሠርግ ቪዲዮ ነው። በዚህ በፍላሽና በስልክ ዘመን ዲስክ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም የሚል ካለ የፎገራን ገበሬ አያውቅም። ፍላሽ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፤ ለእንግዳም አይታይም። ዲስክ ግን ፊት አለው። የሙሽሮቹ ስም፣ ልብና እርግብ ያለበት ክብ ወረቀት ተለጥፎበት ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል።

ልቡንም እርግቡንም የሚስለው ሰውመሆን አይደለም። ተለጣፊውን የሚሠራበት ፕሮግራም ክሊፕ አርት የሚባል የተዘጋጀ የሥዕል ክምችት አለው። የእሱ ድርሻ መርጦ መጎተት ብቻ ነው። ይህን መጎተት ነው እንግዲህ «ጥበብ» እያለ የሚያወራው።

የአቶ ያየህ ልጅ የትሩፋት ሠርግ ግን እንደሌላው አልነበረም። ሰውመሆንን እንቅልፍ የነሳችው የሙሽራይቱ ታናሽ ማስተዋል ናት። ሠርጉን ሙሉ ካሜራው ወደ ሙሽሮቹ፣ ዓይኑ ወደ እሷ ነበር። አንድ ጊዜ በአጠገቡ ስታልፍ «አንተ ሰውየ፣ ሙሽሮቹ ወዲያ ናቸው» ብላው ሄደች። እሱም ይህችን ከዘለፋ ሳይሆን ከተስፋ ቆጠራት። የነፍስ አባቱን መምሬ ተክለ ማርያምን ለመነ፤ እሳቸውም በመጪው እሁድ ሽማግሌ ሆነው አቶ ያየህ ቤት ሊሄዱለት ተስማሙ። እስከዚያ የቀረው ዲስኩን አሳምሮ በማስረከብ የአባትየውን አንጀት ማራስ ብቻ ነው።

አቶ ያየህ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። «ለልጆቹ የሰጠኋት ጊደር ዲስኩ ፊት ላይ ትታይ። ሰው ይያት።»

ሌላ ሰው ቢሆን የጊደሯን ምስል ከቪዲዮው ቆርጦ ያስገባና ወደ ምሳው ይሄድ ነበር። ሰውመሆን ግን ዲዛይነር ነው። ክሊፕ አርቱን ከፍቶ ላም ፈለገ። አገኘም፤ አበባ በጥርሷ ነክሳ የምትስቅ፣ ቀንድም ሻኛም የሌላት ላም። ይችን ይዞ የፎገራ ሰው ፊት መቆም እንደማይቻል እሱም አላጣውም። ስለዚህ ከሌላ ሥዕል ግማሽ ጨረቃ ጎትቶ ጭንቅላቷ ላይ አጋደመ፤ ቀንድ ሆነ። ሻኛ ሲፈልግ ከግመል በቀር ያገኘው የለም፤ የግመሉን ቆርጦ ጀርባዋ ላይ ሰካ። ከወንበሩ ተነሥቶ ራቅ ብሎ አያት። እውነቱን ለመናገር ኮራ።

ችግሩ ጊደሯ ቦታ ፈጀች። ቀንዷ ከላይ «ትሩፋት እና አበረ» የሚለውን ጽሑፍ ወጋ፤ እግሯ ከታች «ሰውመሆን ቪዲዮና ፎቶ ስቱዲዮ» የሚለውን ረገጠ። ስለዚህ ከላይ «ትሩፋት» ብቻዋን ቀረች። የሙሽራው ስም በክብር ወደ መሐል ወርዶ ቀይ ልብ ውስጥ ገባ። ከታች ደግሞ «ቪዲዮና ፎቶ ስቱዲዮ» ተሰረዘ። «ሰውመሆን» የሚለውን ለመሰረዝ እጁ እምቢ አለው። መሐል ላይ በነጠብጣብ የተሠራች ክብ ነበረች፤ ጌጥ መስላው በቀዩ ልብ ሸፈናት።

በተራ ወረቀት አትሞ ሲያየው ምንም አልጎደለውም። ከዚያ በተለጣፊው አትሞ ዲስኮቹ ላይ ለጠፈ። ተለጣፊው ሲመረት ጀምሮ መሐሉ የተቆረጠ ነው፤ ዲስክም መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ የነጠብጣቧ ክብም የዚያ ምልክት ናት። ይህን ሲለጥፍ የኖረው ሰውመሆን ያውቃል። ያን ዕለት ግን ዓይኑ ከጊደሯ አልተነቀለም።

የመልሱ ዕለት ዲስኮቹን ይዞ ከሩዝ ማሳው ዳር ያለው የአቶ ያየህ ቤት ደረሰ። ሙሽራው አበረ ከነዘመዶቹ ከሐሙሲት መጥቷል፤ መምሬም ማዕዱን ባርከው ተቀምጠዋል። ሰውመሆን እጅ ነሥቶ የመጀመሪያውን ዲስክ ለአባትየው ሰጠ። አቶ ያየህ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይች ምንድን ናት?»

«ጊደሯ ናት፣ ጋሽ ያየህ።»

«እኔ የሰጠሁ ጊደር ነው። ይች አሞሌ ጭና ከአፋር የመጣች ናት።»

ሰው ሳቀ። ሰውመሆንም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ጉዱ የፈላው አበረ ዲስኩን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው። «ትሩፋት» አለ ከላይ። «ልብ» አለ መሐሉን በጣቱ እየነካ። «ሰውመሆን» አለ ከታች። ቀና አለና «እኔ የት ነኝ?» አለ።

ሰውመሆን ዲስኩን ተንጠራርቶ አየው። ልቡ አለ፤ አበረ የለም። አበረ በነበረበት የቤቱ ወለል ይታያል።

«ቀዳዳው ነው!» አለ። «ስምህ ቀዳዳው ላይ ነበር!»

«ሙሽራውን ከቀዳዳ ከተተውና ራሱ ከልጅቱ ጋር ወጣ?» አለ የአበረ አጎት፣ ዱላውን ከግድግዳው እያነሣ። ትሩፋት በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። የሐሙሲት ዘመዶች አንድ ሁለት እያሉ ተነሡ። ሰውመሆን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታየው፤ ከዚህ በኋላ እንኳን ሽማግሌ ሊልክ በዚህ በር ማለፍም አይቻለውም። ማስተዋል ከጓዳ ብቅ ብላ ታየዋለች። ያን ጊዜ አፉ ከአእምሮው ቀደመ።

«ኧረ በማርያም! እኔ ትሩፋትን ምን ላደርጋት? እኔ የምፈልገው ማስተዋልን ነው!»

በዚያ አገር ሰው ለራሱ ሚስት አይጠይቅም፤ በአባት ፊት፣ በአማች ፊት፣ በቄስ ፊትማ የተሰማም አይደለም። ሰውመሆን ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። አንድ ዲስክ ላይ ተሳስቶ ይብቃው ሲባል፣ ጨርሶ የትዳሩን በር በራሱ እጅ ዘጋው።

«ሽማግሌ የለህም ወይ አንተ?» አሉ አቶ ያየህ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

መምሬ ተክለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለው እንጂ። እኔ ነኝ። ለእሁድ ነበር የምንመጣ።»

አበረ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ዲስኩን ዓይኑ ላይ አድርጎ በቀዳዳው ሰውመሆንን እያየ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጎቱ ዱላውን መለሰ። አቶ ያየህ ግን አልሳቁም።

«እሁድ ኑ» አሉ መምሬን። «ደንብ ደንብ ነው። እስከዚያ እኔ ምንም አልሰማሁ። አንተ ደግሞ ጊደሬን ጊደር አርገህ አምጣት።»

ሽማግሌ እንደ ወጉ ተመላለሰ፤ አቶ ያየህም እንደ ወጉ ጥቂት አስቸግረው ፈቀዱ። ዛሬ ይህን ታሪክ ለደንበኛ ሁሉ የሚያወራው ራሱ ሰውመሆን ነው። ያችን ጊደርም ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል፤ «ዲዛይነር» የሚለውን ግን ከበሩ አውርዶታል።

የራሳቸው ሠርግ ዲስክ ተራ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ማስተዋል ናት። ክሊፕ አርቱን አልከፈተችውም። አባቷ ለእሷ የሰጧትን ጊደር ፎቶ በጎን አስገባች፤ የራሷን ስም ከላይ ጻፈች። የእሱን ጎትታ መሐል ላይ፣ በነጠብጣብ በተሠራችው ክብ ውስጥ አኖረችው።

«እዚያ እኮ ቀዳዳ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ስሜ ይጠፋል።»

«አበረም እዚያው ነበር» አለች ዞር ሳትል። «ሚስቱን አጣ ወይ?»

ሰውመሆን ተለጣፊውን ማተሚያው ላይ አስተካክሎ አስገባና አተመው።