የሚለቅ ቅብ

ሰዎቹ በሩን ከእግሩ ላይ ሲያነሱለት ቀቢው መጀመሪያ ያየው ደሙን አልነበረም፤ ነጩን ነገር ነበር። ከጉልበቱ በታች የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውንም ሱሪውንም ቀዶ ብቅ ብሏል፣ አሸዋና የብረት ድቃቂ ተለጥፎበታል። ራሱን ከመሳቱ በፊት በአእምሮው ያለፈውን ሐሳብ ኋላ ለእህቱ ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። "ሳይጸዳ እንዳይቀቡት" ብሎ ነበር ያሰበው።

የብረት በርና መስኮት በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው። በያጆቹ ያወጡለት ስም አባ ዝገት ነው፤ አንዲት ነጥብ ዝገት የቀረችበትን ብረት አምጥተው ቢያስጠጉለት ብሩሹን አስቀምጦ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳል እንጂ አይቀባም። "ዝገት እንደ ሐሜት ነው" ይላል፤ "ከላይ ስትሸፍነው ከሥር ይሠራል።" በያጆቹ ይህን አባባሉን ድምፁን አስመስለው እየደገሙ ይስቁበት ነበር። የዚያን ቀን ግን የሳቀ የለም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው በር ተንሸራቶ የወደቀው እሱ አጎንብሶ የታችኛውን ማጠፊያ ሲፍቅ ነው።

ሐኪም ቤት እንደደረሰ ቁስሉን በብዙ ውሃ አጠቡለት፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው ጣሉ፣ እግሩንም ከውጭ እንደ አጥር በብረት አሰሩለት። በደም ሥሩ መድኃኒት ይንጠባጠባል። የተኛበት ክፍል መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው። በጀርባው ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የጎረቤቱን አልጋ እግር ነበር፤ ነጩ ቀለም እንደ ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ቡናማው ዝገት ይታያል። ዓይኑን ቢያዞርም ተመልሶ እዚያው ነው።

ጎረቤቱ ሾፌር ነው። ጭኑ ተሰብሮ የገባ፣ ከዚህ ክፍል ጋር የተላመደ፣ ወሬ የሚወድ ሰው።

"አንተ ገና ነህ" አለው። "እኔን እየኝ። ብረት አስገቡ፣ መግል ወጣ። ብረቱን አወጡ፣ መግሉ እዚያው ቀረ። ሌላ ብረት አስገቡ። አሁን እኔም ብረቱም መግሉም አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን።"

ቀቢው ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። "መጨረሻውስ?"

ሾፌሩ እጁን እንደ ቢላ ዘርግቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው። "ይቺን ነገር ዶክተሯ እስካሁን አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኋት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።"

ከዚያ ወዲያ ቀቢው የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሩን ማጣት። መሰላል ላይ የሚቆመው በዚያ እግር ነው፣ ክንዱ እስኪዝል ሲቀባ የሚሸከመው ያ እግር ነው። እግር የሌለው ቀቢ አይቶ አያውቅም።

ጠዋት ዶክተሯ ስትመጣ ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ነገ ከውጭ ያለው ብረት ይነሳል፤ በአጥንቱ ውስጥ፣ መቅኔው ባለበት ቧንቧ፣ ረጅም ብረት ይገባል።

"አጥንትህ ቆዳ ቀዶ ወጥቶ ነበር፤ ቆሻሻም ነክቶታል" አለችው። "ስለዚህ ተራውን ብረት አናስገባም። ጀርም የሚገድል መድኃኒት የተቀባ አለን፣ እሱን ነው የምናደርግልህ።"

ቀቢው እዚህ ክፍል ከገባ ወዲህ ሰው ገና አሁን በቋንቋው ያናገረው መሰለው። ቀና ለማለት ሞከረ። "በብሩሽ ነው የሚቀባው ወይስ በመርጨት?"

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "እሱን የሚያውቀው ፋብሪካው ነው።"

"ቅቡ ይቆያል ታዲያ?"

"አይቆይም፣ ይለቃል እንጂ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙውን ይለቃል። ከዚያ ቀስ እያለ ይለቅና ያልቃል።" ይህን የተናገረችው ልክ የምሥራች እንደሚናገር ሰው ነበር። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ይለቃል። በእሱ ሙያ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ቀለሙ የለቀቀ በር ባለቤቱ በጋሪ ጭኖ ይመልሰዋል፤ ሰፈር ሁሉ ቆሞ ያያል። በለቀቀው ቦታ እርጥበት ይገባል፣ እርጥበቱ ዝገት ይወልዳል፣ ዝገቱ ብረቱን ይበላል። ቀቢው ዓይኑን ጨፈነ። በአጥንቱ ጨለማ ውስጥ የቆመው ብረት ታየው፤ ቅቡ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ፣ ቅርፊቱ በደሙ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ልቡ ሲሄድ፤ ብረቱ ራቁቱን ሲቀር፣ ቡናማ ዱቄት ሲያራግፍ። እግሩን በጣቱ ቢመታው እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ መሰለው። 

ከሰዓት በኋላ እህቱ መጣች። ታላቁ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የተቆረጠ ክር አይጠፋም። የሾርባውን ዕቃ ሳትከፍት ፊቱን አየችው።

"ምን ሆነሃል አንተ? አመመህ?"

"እትዬ፣ የሚለቅ ቀለም የተቀባ ብረት ሊከቱብኝ ነው።"

"ማን አለ?"

"ራሷ ዶክተሯ። ይለቃል አለች። በአፏ።"

እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ጊዜ ለሙሽራ ልብስ ያስገባችው ቀይ ገበር ለቆ ነጩን ሁሉ ያበላሸባትን አስታወሰች፤ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ አሁንም ያሳፍራታል። "የሚለቅ ነገርማ በራሱ ብቻ አያበቃም" አለች ዝግ ብላ። "ጎረቤቱንም ይዞ ነው የሚጠፋው።"

ቀቢው እንድትከራከረው ነበር የፈለገው። "ሞኝ አትሁን" እንድትለው ነበር የጠበቀው። እሷም ስትፈራ ሲያይ የሾርባውን ዕቃ ወደ ጎን ገፋው።

ሲስተሯ ለነገው ቀዶ ጥገና ልታዘጋጀው ስትመጣ "አልገባም" አላት።

"ምን ማለት ነው አልገባም?"

"አልገባም ማለት ነዋ።"

ሲስተሯ ዶክተሯን ጠርታ መጣች። ዶክተሯ እጆቿን ኪሷ ከትታ ከአልጋው ግርጌ ቆመች፤ ምክንያቱን ጠየቀች። ቀቢው ጣራ ጣራውን አየ። የተማረ ሰው ፊት "ቀለማችሁ መናኛ ነው" ማለት አሳፈረው። እህቱ ተነሳች።

"ዶክተር፣ እባክዎ አይቆጡን። የማይለቀው ዓይነት ካለ ይንገሩንና ከየትም ብለን ፈልገን እናመጣለን።"

"የማይለቅ ምን?"

"ቅብ።"

ዶክተሯ አንዷን አየች፣ ሌላውን አየች። ሾፌሩ ከጎን "አባ ዝገት ይሉታል፣ ቀለም ቀቢ ነው" ብሎ ጣልቃ ገባ። ዶክተሯ ይኼኔ ገባት። አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የማይለቅ ከሆነማ ምን ያደርግልናል?" አለች። "ስማኝ ወንድሜ። በር የምትቀባው ለማን ብለህ ነው? ለበሩ ነው፤ ዝናብ እንዳይበላው። ይሄ ብረት ግን ባዶውን ብናስገባውም እንደ በር ብረት ዝጎ አያልቅም። ቅቡ ለብረቱ አይደለም፣ ላንተ ነው። ጀርም ብረት ላይ መለጠፍ ይወዳል። አንዴ ከተለጠፈ በደም ሥር የምንሰጥህ መድኃኒት እንደ ልብ አያገኘውም። ቅቡ ግን እዚያው ነው ያለው፤ እየለቀቀ ዙሪያውን ያርሰዋል፣ ጀርሙ መቀመጫ እንዳያገኝ። መልቀቁ ነው ሥራው።"

"እኔ እንግዲህ ሳልቀባ የገባሁ ነኝ ማለት ነው" አለ ሾፌሩ።

"ያኔ አልነበረንም" አለችው ዶክተሯ፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። 

ቀቢው ወደ ዶክተሯ ዞረ። "እንግዲያው እግሬ ይተርፋል?"

"ይተርፋል ብዬ ብምልልህ ደስ ባለኝ። የማመርቀዙን ዕድል ያጠብበዋል፤ ጨርሶ አይዘጋውም። ቁስሉ ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ደግሞ ዕድሉ እየሰፋ ነው የሚሄደው።"

የመጀመሪያው ፍርሃት ስሕተትም ቢሆን መልክ ነበረው፤ ቡናማ ነበር፣ በጣት ይነካ ነበር፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ ነበር። ይኼኛው ለዓይን አይታይም። ቀቢው የእህቱን እጅ ያዘ፤ "እሺ" ሲል ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

በማግስቱ ከወገቡ በታች አደነዘዙት። ፊቱ ላይ መጋረጃ ጣሉ፣ ጆሮውን ግን ማንም አልጋረደለትም። መዶሻው ሲጀምር አወቀው። ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ልክ የሆነ ዘንግ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። ጥርሱን ነከሰ። እያንዳንዱ ምት ደረቱ ላይ የሚያርፍ መሰለው።

"ኧረ ቀስ" አለ ሳያስበው። "ይፋቃል።"

"ምኑ?" አለች አጠገቡ የቆመችው ሲስተር።

"ቅቡ።"

ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። መዶሻው ትንሽ አረፈ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማለዳ ላይ ፋሻው ርሶ አገኘው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ዳሯ ቢጫ የመሰለ ነጥብ ናት።  ብርድ ልብሱን ስቦ ሸፈናት። ሲስተሯ ስታልፍ "ደህና አደርክ?" አለችው፤ "ደህና" አላት። ቁርሱን አልነካም። ሰው ሲዞርለት ብርድ ልብሱን ከፈት አድርጎ ያያል፤ ነጥቧ ሰፍታለች። ካላዩት አይናገሩም፣ ካልተናገሩ አይቆርጡም፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር፣ ከዚህ ወዲያ አልሄድ አለው።

"ብርድ ልብሱ ዛሬ ወዶሃል" አለው ሾፌሩ። "በዚህ ሙቀት።"

ቀቢው ብርድ ልብሱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገው። ሾፌሩም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።  ቀቢው ከጎኑ ከተኛው ሰው ጭን ላይ የሚመጣውን፣ እስካሁን ለምዶት የነበረውን ሽታ በድንገት አሸተተ። ከዚያ የራሱን እግር ሊያሸት ሞከረ፤ አልለይለት አለ።

"ሲስተር" አለ። ድምፁ ዝቅ ስላለ ሲስተሯ ሳትሰማው አለፈች። አፉን ጠረገና እንደገና ጠራት።

ዶክተሯ ስትመጣ እህቱም ከበሩ ገባች፤ ማንም ሳይነግራት ሮጣ አጠገቡ ቆመች። መቀሱ በፋሻው ሥር ቀዝቃዛ ሆኖ አለፈ። ዶክተሯ በጓንቷ የቁስሉን ዳርና ዳር ጫን ጫን አደረገች። ቀጭን ፈሳሽ ወጣ። በጨርቅ አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቀቢው የአፍንጫዋን ቀዳዳ ያያል፤ ትንፋሹን ይዟል፣ እህቱም ይዛለች።

"ወፍራም አይደለም፣ ሽታም የለውም" አለች በመጨረሻ። "ትኩሳትም የለህም። ንጹሕ ይመስላል።"

"ይመስላል ነው ወይስ ነው?"

"ዛሬ የምልህ ይመስላል ነው። ናሙናውን እንልካለን፤ ነገም መጥቼ አየዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ስትጠራኝ ነው የማየው እንጂ ስትደብቀኝ አይደለም።"

ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ጠየቀችው። አንቀሳቀሳቸው፤ አመመው፣ ግን ታዘዙት። አዲስ ፋሻ ጠቅልላ ሄደች።

እህቱ ብርድ ልብሱን ስባ እግሩን ልታለብስለት ጎንበስ አለች።

"ተይው እትዬ" አላት። "ይታይ።"

እሷም ተወችው። ነጩ ፋሻ በጠራራው ብርሃን ውስጥ ተጋድሞ፣ ሁለቱም አዲስ ነጥብ ይወጣበት እንደሆነ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁ ጀመር።